ዶሮ በእርጎ፣ ያለ ጨው



አዘጋጆቹ «ስለ ሙያሽ አሥር ደቂቃ ተናገሪልን» ሲሉኝ ስለ ደም ግፊት ላወራ አስቤ ስላይድ ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። ኋላ ላይ ተውኩት። ሙያ የሚለው ቃል በኛ አገር ለወጥም ይሠራል አይደል? እኔም ስለ አንድ ድስት ዶሮ ላወራችሁ መጣሁ።

የኛ ባች ልጆች በዓመት አንድ ጊዜ ተራ እየገባን ቤታችን እንገባበዛለን። በተማሪነታችን የካፌ ዳቦ በሚጥሚጣ አጣፍጦ ያበላን የነበረው ጓደኛችን ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ቀረ። አንዴ «ተረኛ ነኝ»፣ አንዴ «ደክሞኛል» ይላል። እውነቱን ለመናገር ተቀይመነው ነበር። ዘንድሮ ተራው የኔ ሆነና ስደውል ስልኩን ያነሳችው ባለቤቱ ናት። የልብ ድካም እንዳለበት የሰማሁት ያን ቀን ነው። «ሰው ቤት ሲሄድ ‹በሞቴ› ይሉታል። እምቢ ካለ ቅያሜ ነው። እሺ ካለ ደግሞ በማግሥቱ እግሩ ያብጣል፣ ሌሊቱን ትራስ ደራርቦ ነው የሚያድረው። መቅረቱ ቀለለው» አለችኝ። (ይህን የምነግራችሁ ራሱ ፈቅዶልኝ ነው፤ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ እየሳቀብኝ ነው።)

«ይኼማ ቀላል ነው፣ ጨው የሌለው ምግብ እሠራለሁ» አልኳት። ለአሥራ ስምንት ዓመት በሽተኞቼን «ጨው ቀንሱ» እያልኩ ስሸኝ የኖርኩ ሐኪም ነኝ እኮ።

ኩሽና ስገባ መጀመሪያ ያቆመኝ በርበሬው ነው። እናቴ የምታስፈጨው በርበሬ ጨው አለበት። ሚጥሚጣዋም፣ ሽሮዋም እንዲሁ። ዶሮውም የሚታጠበው በሎሚና በጨው ተዘፍዝፎ ነው። (ጥሬ ዶሮ ቧንቧ ሥር ማጠብ ባክቴሪያውን ዙሪያውን እንደሚረጨው አውቃለሁ፤ እናቴ ፊት ይህን ለመናገር ግን ድፍረቱ የለኝም።) እንግዲህ ወጡ ላይ አንዲት ቁንጥር ሳልጨምር ጨው ገብቶ አልቋል ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ። እኛ ቤት ማን በማንኪያ ለክቶ ያውቃል? እናቴን ጨው የሌለበት በርበሬ ስጠይቃት «ይነቅዛል እኮ! ደግሞስ እሱ ምን ይባላል?» አለች። ቢሆንም ዛላውን ገዝታ፣ ቀንጥሳ፣ ለብቻው ደልዛና አስፈጭታ ግማሽ ኪሎ ላከችልኝ።

ጨውን ምን ይተካዋል ስል የአናቶሚ መምህራችን ባለቤት ትዝ አሉኝ። ህንዳዊት ናቸው፤ አንድ ጊዜ ቤታቸው ጠርተውን እርጎና ዝንጅብል ውስጥ ያደረ ዶሮ አብልተውናል። የሳቸውን እርጎ ከእናቴ ቁሌት ጋር ላጋባ ተነሣሁ።

የመጀመሪያው ሙከራ አያድርስ ነው። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት አንድ ሰዓት አቁላላሁ፣ እርጎውን ስገለብጥበት ተበጣጥሶ አይብ መሰለ። ባለቤቴ ቀመሰና «ሆስፒታል የተኛሁ መሰለኝ» አለ። ይህን የምግብ ዓይነት ነው እንግዲህ ለሰው ሁሉ ሳዝ የኖርኩት።

በሁለተኛው 2 ኪሎ የዶሮ እግር በእርጎ፣ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል አሳደርኩ። 1 ኪሎ ተኩል ቀይ ሽንኩርት እስኪጠቁር ድረስ ሳልቸኩል አበሰልኩ። ለመረቁ የሚሆነው እርጎ ላይ ሁለት ማንኪያ የሽምብራ ዱቄት መታሁበትና ድስቱን ከእሳት አውርጄ በጭልፋ በጭልፋ ጨመርኩት። ዱቄቱ ያዘው፣ አልተበጠሰም። ቅቤ አንድ ማንኪያ ብቻ። ሲወጣ መከለሻና የሁለት ሎሚ ጭማቂ። ጨው የጎደለውን ቦታ ከሁሉ በላይ የሞላው ሎሚው ነው። ዶሮ ወጥ ነው ብዬ አልከራከርም፤ እንቁላሉ ግን አለበት።

ከሜሪላንድ የመጣች ጓደኛችን በቅን ልብ «የጨው ምትክ» የሚባል ዕቃ ይዛ መጣች። ጀርባውን ሳነበው ፖታሲየም ክሎራይድ ነው። ጓደኛችን ደግሞ ስፓይሮኖላክቶን ይወስዳል። ሁለቱ ሲገናኙ ፖታሲየሙ ደም ውስጥ ከልክ አልፎ ልብን ሊያቆም ይችላል። ይኼ እንግዲህ ሐኪሞች በሞሉበት ቤት ነው! ቦርሳዋ ውስጥ መለስኩላት።

ለሱ ለብቻው ሰሃን አላቀረብኩም። ድስቱም አንድ፣ ትሪውም አንድ። እጁን ሊዘረጋ ሲል ቀና ብሎ አየኝ። «ብላ፣ በሞቴ» አልኩት። ጎረሰ፣ አላመጠ፣ ሁላችንም ዝም ብለን አፉን እናያለን። «ጨው አንሶታል» አለና ሁለተኛውን ጠቀለለ። ባለቤቱ ተነሥታ ወደ ኩሽና ገባች፤ ተከትያት ስገባ ዓይኗን እየጠረገች ነበር።

ሰኞ ተመላላሽ ክፍል አንድ አባት ውጤታቸውን ይዘው ገቡ። የለመድኩትን «ጨው ይቀንሱ» ልል አፌን ከፈትኩና «አባቴ፣ በርበሬውን ማን ነው የሚያዘጋጀው?» አልኳቸው። «ልጄ ናት፣ ውጭ ተቀምጣለች» አሉ። አስጠራኋት። ስለ በርበሬ ስናወራ ሃያ ደቂቃ አለፈ፤ ውጭ ያለው ወረፋ አጉረመረመ፣ ነርሷም ሁለቴ በሩን ከፍታ አየችኝ።

በሉ፣ ምሳው ድንኳኑ ውስጥ ነው። ነጭ ክዳን ያለው ድስት የኔ ነው፣ ስትገቡ በስተቀኝ። ለሁላችሁ አይበቃምና መጀመሪያ ጨው የተከለከላችሁ ተነሡ።