ስለሚቀጥልና ስለሚመላለስ ነገር
(በተማሪዎች የቋንቋ ክበብ ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



ከደብረ ማርቆስ አካባቢ፣ ከሮብ ገበያ የመጣ አንድ ጓደኛችን ስለ አገሩ ገበያ በእንግሊዝኛ ድርሰት ጻፈ። ገበያው ከአያቶቹ ዘመን ጀምሮ መዝለቁን ለመግለጽ «ኮንቲኒዩየስ» አለው። መምህሩ በቀይ ቀለም «ሌሊትም ይቆማልን?» ብለው መለሱለት። ሳቅን። ሳቁ ሲያልፍ ግን ስሕተቱ ምን እንደሆነ ማስረዳት የቻለ ከመካከላችን አልተገኘም። (በነገራችን ላይ በአማርኛ ሌላው ነገር ሲቆም ያበቃል፤ ገበያ ግን ሲቆም ይጀምራል።)

«ኮንቲኒዩየስ» በመካከሉ ክፍተት የሌለው ነው፤ ከጮቄ ሌት ተቀን እንደሚወርደው ውሃ። «ኮንቲኒዩዋል» ግን እያረፈ የሚመላለስ ነው፤ ሮብ በመጣ ቁጥር እንደሚቆመው ገበያ። እኛ ሁለቱንም «የማያቋርጥ» ብለን ሸምድደናቸዋል። እርግጥ ባለቋንቋዎቹ ራሳቸው ያቀላቅሏቸዋል። ነገር ግን ልዩነቱ ለአማርኛችን እንግዳ አይደለም፤ «በየሮቡ» ስንልና «ሳያቋርጥ» ስንል አንድ ነገር ማለታችን አይደለምና።

ሥራቸውን ብንመረምር ደግሞ ዝምድናው ያስደንቃል። «ኢንዱር» የመጣው ጠንካራ ከሚል የላቲን ቃል ነው፤ እኛም ጸና እንላለን። «ላስት» በጥንቱ እንግሊዝኛ ዱካ መከተል ነበረ፤ የጫማ ሰሪው ፎርማም በዚሁ ስም ይጠራል። የእኛም ዘላቂ ዘለቀ ከሚለው፣ ወዲያ ማዶ ተሻግሮ ከሚወጣው መንገደኛ የተገኘ ነው። «ፐረኒያል» ዓመቱን ሙሉ ማለት ሲሆን፣ የአገራችን ገበሬ «ክረምት ከበጋ የሚፈስ» ብሎ ከማንም አሳምሮ ተርጉሞታል።

ከሁሉ የሚከፋው ወጥመድ ግን በቃል ሳይሆን በግሥ ላይ ነው። «ሂ ሃዝ ሊቭድ ሂር ፎር ቴን ይርስ» የሚለውን ስናነብ «ዐሥር ዓመት ኖሯል» ብለን እንተረጉምና ሰውየውን ከቤቱ እናስወጣዋለን። እንግሊዝኛው ግን ሰውየው ዛሬም እዚያው ነው ይላል። አማርኛው «እዚህ ሲኖር ዐሥር ዓመቱ ነው» መሆን ነበረበት፤ ዓመቱን የራሱ ገንዘብ አድርገን ማለት ነው። ነገሩ ለጨዋታ ብቻ አይደለም። አንድ የጤና ተማሪ በሽተኛው ለአምስት ቀን ትኩሳት «ሃዝ ሃድ» የሚለውን ካርድ አንብቦ ትኩሳቱ ያለፈ ቢመስለው ምን ይደርሳል? በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ወሰነ፤ ስለዚህ ብዙዎቻችን ፊዚክሱንም ታሪኩንም በዚሁ ግሥ በኩል ነው የተማርነው። ስንት ያላለቀ ነገር እንዳለቀ አድርገን እንዳነበብን ማን ይቈጥረዋል?

ስለዚህ አዲስ ቃል ሲያጋጥመን ትርጉሙን ብቻ ሳይሆን «በመካከል ያርፋልን? እስከ አሁንስ ደርሷልን?» ብለን እንድንጠይቅ እናሳስባለን።

«ስቲል»ና «ዬት» ቀርተውናል። «ገና ልጅ ነው» የሚለው በፊተኛው፣ «ገና አልመጣም» የሚለው በኋለኛው ይተረጐማል፤ አንዱ «ገና» ለሁለት ለምን እንደተከፈለ በሚመጣው ስብሰባ የሚያስረዳን ፈቃደኛ እንፈልጋለን።