እንግዳችን ሶዶን በአንድ ቀን
(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)

 

ዛሬ የምናነጋግራችሁ ስለ አንድ ቀን ነው። ለሶዶ አዲስ የሆነ ሰው ጠዋት ከተማችን ገብቶ እስኪመሽ ምን ያያል? ምን ይበላል? የሚያወጣው ገንዘብስ ማን እጅ ይገባል?

ሶዶ የመንገድ መገናኛ ናት። ከአዲስ አበባ በሆሳዕናም ሆነ በሻሸመኔ በኩል ወደ አርባ ምንጭ የሚወርድ መንገደኛ በእኛ በኩል ያልፋል። ብዙው ግን ነዳጅ ሞልቶ፣ ምሳውን በልቶ ይሄዳል። “ወላይታን አይቻለሁ” ይላል፤ ያየው ግን አንድ ምግብ ቤት ነው። ማኅበራችንን ሊጎበኝ የሚመጣውም ቢሆን ከዚህ ብዙ አይሻልም። ግቢ ውስጥ እናስቀምጠዋለን፣ አዋጥተን እናበላዋለን፣ ፎቶ ተነሥቶ ይሸኛል። ጓዳ ውለን የሠራነውን ይቀምሳል፤ እንዴት እንደተሠራ ግን ሳያይ ይሄዳል። ወጪው በየቤታችን ይቀራል።

ስለዚህ የእንግዳው ቀን እንዲህ ቢሆን እንላለን።

ጠዋት ከዳሞታ ተራራ ይጀምር። ከተማችን የተቀመጠችው በግርጌው ነው። ጭጋግ ከሌለ ከተራራው ላይ ሆኖ ቁልቁል ሲመለከት ሶዶንና በዙሪያዋ ያሉትን የእንሰት ጓሮዎች፣ ራቅ ብሎም የአባያን ሐይቅ ያያል። ፀሐይ ሳትበረታ ወርዶ ወደ ካዎ ጦና ሐውልት ይምጣ። “ካዎ” በቋንቋችን ንጉሥ ማለት ነው። ካዎ ጦና ጋጋ የወላይታ የመጨረሻው ንጉሥ ሲሆኑ በ1887 ዓ.ም. ከዳግማዊ ምኒልክ ጦር ጋር ተዋግተው ተሸንፈዋል። ልጆቻችን ይህን ታሪክ ሳያጋንኑም ሳይሸሽጉም ለእንግዳ መናገር መቻል አለባቸው።

ቀጥሎ ገበያ ነው። እንግዳው በቀይ፣ በጥቁርና በቢጫ መስመሩ የሚታወቀውን ዱንጉዛ ይመልከት። የመስከረሙ በዓላችን ጊፋታ ሲደርስ ከተማው በዚህ ልብስ ያሸበርቃል። ሸማኔው እንዲታወቅ እንደምንፈልግ ሁሉ ጥጡን የፈተለችውም ሴት ትታወቅ።

ከዚያ ወደ አንዲት አባላችን ጓሮ እንውሰደው። የቀኑ ዋና ክፍል ይህ ነው። እንሰት፣ እኛ ኡታ የምንለው፣ ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል። ሲደርስ ፍቂያው የሴት ሥራ ነው። ግንዱን በሳንቃ ላይ አስደግፋ በቀርከሃ መፋቂያ ትፍቃለች። የተፋቀው ጉድጓድ ውስጥ በቅጠል ተሸፍኖ ይብላላና ቆጮ ይሆናል፤ ከጭማቂው ሥር የሚዘቅጠው ነጩ ቡላ ነው፤ የሚቀረው ክር ደግሞ ቃጫ ሆኖ ገመድ ይገመድበታል። ይህን ያየ ሰው ምሳ ላይ ሙቿ ሲቀርብለት ከቅቤውና ከአይቡ ጀርባ የስንት ቀን ጉልበት እንዳለ ይረዳል።

ስለ ምሳው ደግሞ በግልጽ እንነጋገር። ወላይታ በጥሬ ሥጋና በዳጣ ስሙ የታወቀ ነው፤ እኛም እንኮራበታለን። ይሁን እንጂ ያልለመደን ሰው “ካልበላህልን” ብሎ ማስጨነቅ አይገባም። ጥሬ ሥጋ የኮሶ ትል ሊያስይዝ ስለሚችል በደንብ የበሰለ ጥብስ ሁልጊዜ ከጎኑ ይቅረብ። ዳጣው ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ያለበት መሆኑ አስቀድሞ ይነገረው፤ በትንሹ ይጀምር። ለጾመኛና ሥጋ ለማይበላ ሰው ያለ ቅቤ የተሠራ ጎመን ከቆጮ ጋር፣ ጎደሬና ስኳር ድንች አሉን። እነዚህ የድኻ ምግብ ናቸው ብለን አንደብቃቸው። ከምሳ በኋላ ቡና ይፈላል፤ የቡና ቅጠል በቅመም የሚፈላበትን ሃይታ ቱኬንም ይቅመስ።

አጆራ ፏፏቴን በዚያው ቀን እንጨምር የሚሉ አሉ። አጆራ በአረካ በኩል ነው፤ ተጣድፎ ሊታይ አይገባውም። እንግዳው ሶዶ አድሮ በማግሥቱ ቢሄድ ለአልጋ ቤቱም፣ ለባጃጁም፣ ቁርስ ለምትሸጠው እህታችንም ሲሳይ ይሆናል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። “እንግዳን ማስከፈል ነውር ነው” የሚሉ እናቶች አሉን፤ ቃላቸውን እናከብራለን። ለዘመድ፣ ለጎረቤት፣ መሽቶበት ደጃችንን ለቆመ መንገደኛ ቤታችን ዛሬም ነገም በነጻ ክፍት ነው። ከተማ ሊጎበኝ አቅዶ የመጣ ሰው ግን ለመኪናው፣ ለሆቴሉና ለአስጎብኚው ከፍሎ ነው የሚመጣው። በዚያ ቀን ሳይከፈላት የምትቀረው እንሰት የፋቀችው፣ ዳጣ የፈጨችው፣ ቡና ያፈላችው ሴት ብቻ ናት። ነውሩ ይህ ይመስለናል።

ስለዚህ ጉባኤው አራት ነገር እንዲወስን እንጠይቃለን። አንደኛ፣ የቀኑ ዋጋ አስቀድሞ ተጽፎ ይለጠፍ፤ ለውጭ ሰው አንድ፣ ለአገር ሰው ሌላ ዋጋ እየተባለ በአፍ አይለዋወጥ። ሁለተኛ፣ ጓሮዋን የምታሳየውና ምሳ የምትሠራው አባል በተራ ትመደብ፤ ድርሻዋ በዚያው ቀን ይከፈላትና በደረሰኝ ይመዝገብ፤ የቀረው ወደ ቁጠባ ሣጥናችን ይግባ። ሦስተኛ፣ ለእንግዳ ተብሎ ከአባላት መዋጮ መሰብሰብ ይቁም። አራተኛ፣ ሳይጠየቅና እሺ ሳይባል ማንም፣ በተለይ ሕፃናት፣ ፎቶ አይነሡ።

ደጋፊዎቻችንንም አንድ ነገር እንለምናለን። ስትመጡ ቀድማችሁ አሳውቁን፤ ለልጆች በየመንገዱ ሳንቲም ከመስጠት የምሳችሁን ዋጋ ክፈሉ፤ ዱንጉዛ ስትገዙ በተገቢው ዋጋ ግዙ። ችግራችንን ብቻ ሳይሆን ሙያችንንም አይታችሁ ሂዱ። እርዳታችሁን እናመሰግናለን፤ የሠራነውን ስትገዙን ግን ደስታችን እጥፍ ይሆናል።

እናቶቻችን የእንሰቱን ሙያ ያውቃሉ፤ ትምህርት የጨረሱት ሴቶች ልጆቻችን ቋንቋና ታሪክ ያውቃሉ። ሁለቱ ከተቀናጁ የእንግዳው አንድ ቀን ለቤታችን እንጀራ ይሆናል። ውሳኔው የእናንተ ነው።