የሚሸጥ ዜግነት፦ ከሴንት ኪትስ እስከ ማልታ

አቅራቢ 1፦ ዜግነትን በኢንቨስትመንት የመስጠት ሕግ ቀደም ብሎ የወጣው በካሪቢያኗ ሴንት ኪትስና ኔቪስ ነው። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ1983 ከብሪታንያ ነፃ ወጥታ በዓመቱ ሕጉን አወጣች።

አቅራቢ 2፦ ኑሮዋ በሸንኮራ አገዳ ላይ የቆመ ነበር። የስኳር ኢንዱስትሪው እ.ኤ.አ. በ2005 ሲዘጋ፣ በቀጣዩ ዓመት የተቋቋመ ፋውንዴሽን የአመልካቾችን መዋጮ ይቀበል ጀመር። በስኳሩ ቦታ ፓስፖርት ለገበያ ወጣ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አቅራቢ 1፦ መንገዱ በዋናነት ሁለት ነው፦ የማይመለስ መዋጮ፣ ወይም በተፈቀደ የቤት ግንባታ ላይ ገንዘብ ማዋል። የገንዘቡ ምንጭና የወንጀል መዝገብ ይጣራል፤ በአገሪቱ መኖር ግን ለረጅም ጊዜ ግዴታ አልነበረም።

አቅራቢ 2፦ በዜግነት ሽያጭ ላይ ሙግት የሚነሳውም ከዚሁ፣ ሳይኖሩ ዜጋ ከመሆን ነው። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ኤፕሪል 29 ቀን 2025 የማልታን ተመሳሳይ አሠራር ዜግነትን የንግድ ግብይት አድርጓል ብሎ ሕገ ወጥ አለው።

አቅራቢ 1፦ ለኢትዮጵያዊ ደግሞ እንዲህ ያለውን ዜግነት “ሁለተኛ” ማለት አሳሳች ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 378፣ በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጥረዋል።

አቅራቢ 2፦ የሚቀርለት የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ በተለምዶ ቢጫ ካርድ የሚባለው ነው። ያለ ቪዛ ያስገባል፤ ድምፅ ግን አያሰጥም።