ቡሄ ካለፈ በኋላ ያለው ዝናብ

(በነሐሴ መጨረሻ በተደረገው ወርኃዊ ስብሰባችን ላይ በአቃቂ አንዲት አባላችን ያሰማችው ንግግር)



ኮሚቴው ስለ መጪው ሳምንት የአየር ጠባይ እንድናገር ሲጠይቀኝ አንዳንዶቻችሁ ስትስቁ አይቻለሁ። «ክረምት ነው፣ ይዘንባል፤ ምን ይወራለታል?» ነው ነገሩ። ግን የሚቀጥለው ሳምንት ሥራችን ሁሉ ከሰማዩ ጋር የተያያዘ ነው። የእንቁጣጣሽ የበርበሬ ትዕዛዝ አለብን፤ ዛላው የተገዛው ደግሞ ከጋራ ቁጠባችን በወጣ ገንዘብ ነው። ወንዝ ዳር የሚኖሩ አባላትም አሉን።

ቡሄ ካለፈ ክረምት የለም ይባላል። አባባሉ ጭጋጉ ማለፉን፣ ሰማዩ መገለጥ መጀመሩን ሲናገር እውነት አለው። ዝናቡ አበቃ ብላ ለምትይዘው ግን ያሳስታታል። ቡሄ ነሐሴ 13 ነው፤ በእኛ አካባቢ ከዓመቱ ሁሉ ብዙ ዝናብ የሚጥሉት ሐምሌና ነሐሴ ናቸው። ክረምቱ ሲወጣም በአንድ ቀን ከአገሩ ሁሉ አይወጣም። ዝናብ የሚያመጣው የአየር ቀበቶ ፀሐይን ተከትሎ ወደ ደቡብ ሲመለስ ቀድሞ የሚለቀው ሰሜኑንና ሰሜን ምሥራቁን ነው። ወደ መሀል አገር እስኪደርስ መስከረም ይገባል። ወለጋና ኢሉባቦርማ ጥቅምትም ይዘንብባቸዋል። ስለዚህ በሬዲዮ «በሰሜን ምሥራቅ ዝናቡ እየቀነሰ ይሄዳል» ሲባል ሰምታችሁ ወዲያው ሰፌድ አታውጡ። የተወራው ስለ ትግራይና ስለ ወሎ ቆላ ነው እንጂ ስለ አቃቂ አይደለም።

ሌላም የምንሰማው ቃል አለ፤ «መደበኛ»፣ «ከመደበኛ በላይ»፣ «ከመደበኛ በታች» የሚለው። መደበኛ ማለት ጥቂት ማለት አይደለም። ለብዙ ዓመታት በዚያ ቦታ፣ በዚያ ወቅት ሲለካ ከኖረው ዝናብ ጋር ተቀራራቢ ነው ማለት ነው። የነሐሴ መጨረሻ መደበኛ ዝናብ ጎርፍ ሊያመጣ የሚችል ዝናብ ነው። «ከባድ ዝናብ» ሲባል ደግሞ በአንድ ቀን ከ30 ሚሊ ሜትር በላይ ማለት ነው። አንድ ሚሊ ሜትር በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውኃ ነው። የቤታችሁ ቆርቆሮ 20 ካሬ ቢሆን በዚያ ቀን የሚወርድበት 600 ሊትር ነው፤ ሦስት በርሜል ሙሉ። ከሰፈሩ ጣሪያ ሁሉ የሚወርደው አንድ ቦይ ውስጥ ሲገባ አስቡት። ቦዩ ደግሞ በፌስታልና በፕላስቲክ ጠርሙስ የተሞላ ነው። ቅዳሜ የምናደርገው የቦይ ጠረጋ ለዚህ ነው፤ ለጽዳት ዘመቻ ፎቶ አይደለም።

ወንዙን በተመለከተ አንድ ነገር አጥብቄ እላለሁ። በደጃችሁ ዝናብ የለም ማለት ወንዙ አይሞላም ማለት አይደለም። የአቃቂ ውኃ የሚመጣው ከላይ፣ ከእንጦጦና ከዙሪያው ተራራ ነው። ድሬዳዋን አስታውሱ። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ 1998 ዓ.ም.፣ ከላይ ከሐረርጌ ደጋ የወረደ ጎርፍ ደቻቱን ሞልቶ ሰው በተኛበት ደረሰ፤ ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ሌላውን ጊዜ አሸዋው ደረቅ ሆኖ ሰው የሚሻገረው ወንዝ ነው። ስለዚህ ወደ ሰሜን ሰማዩ ጠቁሮ ካያችሁ ልጆች ከወንዝ ዳር ይነሱ። ማታ ከሆነ ወንዝ ዳር ያላችሁ አባላት ከፍ ብሎ ካለ አባል ቤት እደሩ። ኮሚቴው ማን ማን ዘንድ እንደሚያድር ጽፎ ይዟል፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

አሁን ወደ በርበሬው ልምጣ፤ ጭቅጭቁ እዚህ ላይ ነውና። የዚህ ሰሞን ዝናብ እንደ ሐምሌ ቀኑን ሙሉ አያካፋም። ጠዋት ፀሐይ ይወጣል፤ መሬቱ ሲሞቅ እርጥቡ አየር ወደ ላይ ይነሣል፤ ከሰባት ሰዓት በኋላ ደመናው ይቆለላል፤ ነጎድጓድና አንዳንዴም በረዶ ይዞ ይወርዳል። እንግዲህ ያለን ፀሐይ ከጠዋቱ ሦስት እስከ ሰባት ሰዓት ነው። አራት ሰዓት ለታጠበ ዛላ አይበቃም። ውጭው የደረቀ መስሎ ውስጡ እርጥብ ሆኖ በጆንያ ከታሰረ ይሻግታል። «ሲታመስ ይጠፋል» ያላችሁ አላችሁ። ሻጋታው በእሳት ይሞታል፤ የሻጋታው መርዝ ግን፣ አፍላቶክሲን የሚሉት፣ በምጣድ ሙቀት አይጠፋም። ጉበት የሚጎዳ ነገር ነው። ያን ለደንበኛ ሸጠን ከርሞ ማን ይገዛናል?

እኔ የምለው ይህ ነው። ለእንቁጣጣሽ ከታዘዘው ግማሹን ብቻ እናድርስ፤ እሱንም በሸራ ላይ አሳስተን አስጥተን፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን አንሥተን፣ ማታ ቤት ውስጥ አየር በሚያገኝ ቦታ በትነን። ዛላው ሲሰበር ቀጭ ካላለ፣ ሲነቀነቅም ፍሬው ካልተንኮሻኮሸ አይወቀጥም። የቀረውን ደንበኞችን ለምነን ለመስቀል እናሸጋግር። ጥቂት ደንበኛ ሊቀየም ይችላል፤ ጆንያ ሙሉ የቁጠባ ገንዘብ ከሚበሰብስ ይሻላል። ባለፈው ዓመት ሸራው ለምን ተገዛ ብላችሁ የጠየቃችሁ ደጋፊዎቻችንም መልሱ ይኸው ነው።

ስታነሡ ነጎድጓድ ከያዘ ሥራውን ትታችሁ ቤት ግቡ። ዛፍ ሥር አትጠለሉ። በርበሬ ይተካል።

የጳጉሜን ሦስት፣ የሩፋኤል ዝናብ እንደ ልማዳችን ልጆች ደጅ ወጥተው ይጠመቁበት፤ እሱን አልከለክልም። ዛላው ግን ያን ቀን ቤት ይዋል።

በመጨረሻ፣ ሬዲዮ የማዳመጡ ተራ እንደ ቡናው ተራ ይሁን። የሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩትን ትንበያ ተረኛዋ ማታ አዳምጣ፣ ጠዋት ሳይሰጣ በፊት ለአምስቱም የቡድን መሪዎች ትደውል። የስልክ ካርዱ ከማኅበሩ ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት እኔ እይዛለሁ፤ ለሚቀጥለው የሚፈቅድ ከስብሰባው በኋላ ለጸሐፊዋ ስሙን ያስመዝግብ።