ፍግ፣ የዛፍ ጥላና የመድኃኒት ቅጠል
(በዓመታዊው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



 

ዛሬ የምንናገረው ስለ መዋጮና ስለ ቅጣት አይደለም። ከድንኳን መጋዘናችን ጀርባ፣ በወይራውና በጽዱ ጥላ ሥር ስለተተከለው ዳማ ከሴ፣ ግራዋና የኮሶ ችግኝ ነው። ከመካከላችን አንዳንዶቹ «ፍግ በብዛት ይደፋበት» ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ «የጫካ ተክል ምን ፍግ ያሻዋል፤ አይነካ» ይላሉ። ጉባዔው ከመወሰኑ በፊት እስቲ ነገሩን አብረን እንየው።

እንደሚታወቀው በጫካ ውስጥ ለዝግባውም ለጽዱም ፍግ የሚደፋ ሰው የለም። ቅጠሉ ይረግፋል፣ ይበሰብሳል፣ ተመልሶ ምግብ ይሆናል። ይህን ሥራ በብዛት የሚሠሩት በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎችና ፈንገሶች ናቸው። በአንድ የሻይ ማንኪያ ጥሩ አፈር ውስጥ እስከ አንድ ቢሊዮን የሚደርስ ባክቴሪያ ሊኖር ይችላል። ከፈንገሶቹም ከሥር ጋር ተጣብቀው የሚኖሩ አሉ፤ ጀርመናዊው ሊቅ አልበርት ፍራንክ እ.ኤ.አ. በ1885 ይህን ኑሮ ማይኮራይዛ ብሎ ሰይሞታል። ፈንገሱ ከፀጉር በቀጠነ ክሩ ሥሩ ከማይደርስበት ቦታ ፎስፈረስና ውሃ ያመጣል፤ ተክሉ ደግሞ ስኳር ይከፍለዋል። ወይራና ጽድም የሚኖሩት እንዲሁ ነው። ይህም ማለት ከመሬት በታች ሌላ ዕድር አለ ማለት ነው፤ ሁሉም ያዋጣል፣ ሁሉም ይረዳል።

እነዚህን ትንንሽ ፍጥረቶች አንናቃቸው። ለሳምባ ነቀርሳ የመጀመሪያው ፍቱን መድኃኒት የሆነው ስትሬፕቶማይሲን እ.ኤ.አ. በ1943 በአሜሪካ በሰልማን ዋክስማን ቤተ ሙከራ የተገኘው ከአፈር ባክቴሪያ ነው።

ታዲያ ፍግ ምን ያደርጋል? አብዛኛው ፍግ ተክሉን በቀጥታ አይቀልበውም። መጀመሪያ የሚቀልበው እነዚህን የአፈር ነዋሪዎች ነው፤ እነሱ ሲያብላሉት ነው ለተክሉ የሚደርሰው። ስለዚህ ጉዳቱም ጥቅሙም በአሰጣጣችን ይወሰናል።

አንደኛ፣ ጥሬ ፍግ። በተለይ የዶሮ ኩስ አሞኒያ የሚባል የሚሰነፍጥ ጋዝ ስለሚያወጣ ቀጫጭኑን ሥር ያቃጥላል። ከዚያም የባሰው፣ በጥሬ ፍግ ውስጥ የትላትል እንቁላልና የተቅማጥ ተሕዋስያን ሊኖሩ ይችላሉ። ዳማ ከሴን ለምች የምናሸው ጥሬውን ነው፤ ጤና አዳምንም ሳንቀቅል ቡና ውስጥ እንጨምራለን። መድኃኒት ስንፈልግ በሽታ ለልጆቻችን እንዳናጠጣ ያስፈራል።

ሁለተኛ፣ ሳጋቱራ። ከሣጥን ሠሪዎች ዘንድ በነፃ ስለሚገኝ ጥሩ ይመስላል። ነገር ግን ጥሬው ሳጋቱራ ከአፈር ጋር ሲደባለቅ፣ ተሕዋስያኑ እሱን ለማብላላት በአፈሩ ያለውን ናይትሮጂን ይወስዱታል፤ ተክሉም ይራብና ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ የበሰለውም ቢሆን ሲበዛ። ፎስፈረስ በደጁ የሞላለት ተክል ለፈንገሱ ስኳር መክፈሉን ይቀንሳል፤ ያ ማኅበርም ይደክማል። ናይትሮጂን ሲበዛ ደግሞ ቅጠሉ ይሰፋል፣ ይለመልማል። ነገር ግን ብዙውን ጊዜ የመድኃኒት ቅጠል መራራነቱና ሽታው ተክሉ ራሱን ከተባይ የሚከላከልበት ነው። በጥጋብ በፈጠነ ቅጠል ውስጥ ይህ ኃይል ሊሳሳ ይችላል። ሰፊ ቅጠል ሁሉ ብርቱ መድኃኒት አይደለም።

ይህን ስንል ፍግ ይቅር ማለታችን አይደለም፤ ኩበት አድርገን እያነደድነው መሬታችን ስንት ዘመን ተራበ! እ.ኤ.አ. በ1996 በትግራይ ከዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ጋር ገበሬዎች ኮምፖስት መጠቀም ሲጀምሩ፣ ኮምፖስት ያገኘው ማሳ ካላገኘው የበለጠ ምርት ሰጥቷል። ያ ግን በየዓመቱ የሚታጨድ ማሳ ነው፤ በዛፍ ጥላ ሥር ያለ ተክል የሚፈልገው ከዚያ ያነሰ ነው።

ስለዚህ ለጉባዔው የምናቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው፦

1ኛ/ ፍጉ፣ ሳጋቱራውና ቅጠላ ቅጠሉ በአንድነት ተከምሮ፣ እርጥበቱ ተጠብቆ ይብላላ። ክምሩ መሀሉ ከ55 ዲግሪ በላይ ሲግልና ለቀናት ሲቆይ አብዛኛው ጀርምና የአረም ዘር ይሞታል። ዳር ያለው ወደ መሀል እንዲገባ መገላበጥ አለበት። እንጨት ሰክቶ ነቅሎ በእጅ በመንካት ሙቀቱን መከታተል ይቻላል። ጥቁር ሆኖ የዝናብ አፈር ሲሸት በስሏል።

2ኛ/ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ከክረምቱ በፊት፣ ሁለት ጣት በሚያህል ውፍረት ከግንዱ ራቅ ተደርጎ ላዩ ላይ ይበተን። ሥሩንና የፈንገሱን ክር ስለሚበጥስ መሬቱ አይቆፈር።

3ኛ/ የረገፈው ቅጠል ለጽዳት ተብሎ ተጠርጎ አይቃጠል፤ የዛፉ ቀለብ እሱ ነው።

4ኛ/ አንድ መደብ ምንም ሳይደረግበት ይቆይና በሚመጣው ዓመት አወዳድረን እንፍረድ።

ቅጠሉ ለቀላል ሕመም ይረዳን ይሆናል፤ ትኩሳቱ የጠናበት ግን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ይህም ከቃለ ጉባዔው ይግባልን።

ዕድራችን ከሞት በኋላ ብቻ ሳይሆን ከሞት በፊትም የሚደርስ ይሁን። ዓመት ዓመት ያድርሰን።