«መንጃ ፈቃድህን አሳይ» ስለሚል ኬላ
(በተማሪዎች ማኅበር የክርክር ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንከራከርበት ጉዳይ የአሜሪካ ነው። ፖሊስ መንገድ ላይ ኬላ አቁሞ አላፊውን መኪና ሁሉ መንጃ ፈቃድ ቢጠይቅ፣ ሕገ መንግሥቱ ለሰው የሰጠውን የግል ኑሮ ክብር ደፈረ ይባላልን? የባዕድ አገር ወሬ ነው ብሎ የሚያዛጋ ጓደኛ ቢኖር፣ በዋሽንግተን ከተማ ታክሲ እየነዱ የሚኖሩ ወገኖቻችን ብዙ መሆናቸውን እናስታውሰዋለን። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር እንጠራለን።

በ1791 በጸደቀው አራተኛው ማሻሻያ ውስጥ «የግል ኑሮ» የሚል ቃል አይገኝም። የሚከለክለው፣ ሰው በአካሉ፣ በቤቱ፣ በወረቀቱና በንብረቱ ላይ ያለ አግባብ እንዳይፈተሽና እንዳይያዝ ነው። መኪና ማስቆም፣ ለጥቂት ጊዜም ቢሆን፣ መያዝ መሆኑን ፍርድ ቤቶች ተቀብለውታል። እንግዲህ ክርክሩ የሚቀረው «ያለ አግባብ» በሚለው ላይ ነው።

በ1976 በዴላዌር አንድ ፖሊስ፣ ነጂው ደንብ ሳይጥስና ምንም ጥርጣሬ ሳይኖር፣ ወረቀቱን ልይ ብሎ መኪና አስቆመ፤ ጠጋ ሲል ማሪዋና ሸተተው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1979፣ ስምንት ዳኞች በአንድ ላይ፣ ማስቆሙ ሕገ ወጥ ነው ብለው ፈረዱ። መንግሥት ፈቃድ የሌለውን ነጂ ከመንገድ ማስወጣት አይገባውም አላሉም። የነቀፉት መራጩ የፖሊሱ ዓይን ብቻ መሆኑን ነው። ፈቃድ የሌለው ሰው ከመኪናው መልክ አይታወቅም፤ ታዲያ ፖሊሱ ከሺህ አንዱን ሲመርጥ በምን ይመርጣል? መልሱን ጥቁር ነጂዎች ያውቁታል። ዳኞቹ ግን መጪውን ሁሉ በኬላ ማስቆም ሌላ መንገድ ሊሆን እንደሚችል ጠቁመው አለፉ።

ከዚያ በኋላ ኬላው ሰፋ። በ1990 የሚሽጋን ፖሊስ ሰካራም ነጂ ለመያዝ ያቆመው ኬላ ስድስት ለሦስት ተፈቀደ፤ 126 መኪና አልፎበት፣ እያንዳንዱ በአማካይ 25 ሴኮንድ ቆይቶ ነበር። በ2000 ግን ኢንዲያናፖሊስ አደንዛዥ ዕፅ ለመፈለግ ያቆመችው ኬላ በዚያው ስድስት ለሦስት ተከለከለ። እዚያ 1,161 መኪና ቆሞ 104 ሰው ተይዟል፤ ከመቶ ዘጠኝ ያህል መሆኑ ነው። በሚሽጋን የተያዘው ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞላም። ስለዚህ የሚመዘነው የኬላው ዋና ዓላማ እንጂ የያዘው ሰው ብዛት ብቻ አይደለም፤ የመንገድ ደኅንነት ይፈቀዳል፣ ተራ ወንጀል ማደን አይፈቀድም።

እኛን የሚያሳስበን ይህ ነው። ዓላማውን በወረቀት የሚጽፈው ራሱ ፖሊሱ ነው። ዕፅ የሚፈልግ አዛዥ «የመንጃ ፈቃድ ቁጥጥር» ብሎ ቢጽፍና ውሻውን ከጎን ቢያቆምስ? ፈቃድ መመርመር ዋና፣ ዕፅ መፈለግ ደግሞ ተጨማሪ ዓላማ ቢሆን ምን ይባላል የሚለውን ጥያቄ ፍርድ ቤቱ በ2000 ሳይፈታ ትቶታል። ሁሉም እኩል ይቁም ማለትስ መልካም ነው፤ ነገር ግን ኬላው የሚቆምበትን ሰፈር የሚመርጠው ማን ነው? በ2008 የዋሽንግተን ፖሊስ፣ የተኩስ ወንጀል በዝቷል ብሎ፣ ትሪኒዳድ ወደሚባለው ሰፈር የሚገባውን ነጂ እያስቆመ ለምን እንደ መጣ ይጠይቅ፣ ምክንያቱ ያልተወደደለትንም ይመልስ ነበር። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2009 ነገሩ ከሕገ መንግሥቱ ጋር የማይስማማ ነው አለ። እዚያ ሁሉም እኩል ቆሟል፤ አድልዎ ቢኖር ከመኪናው ምርጫ ሳይሆን ከሰፈሩ ምርጫ ነው።

ተቃዋሚዎቻችን መኪና መንዳት በፈቃድ የሚገኝ ነገር ስለ ሆነ፣ የሰጠው መንግሥት ቢጠይቅ ምን ነውር አለው ይላሉ። ፈቃዱን ቢጠይቅ ነውር የለውም፤ ቦታውና ሰዓቱ የመኪና አደጋ መዝገብ ታይቶ በበላይ አዛዥ በጽሑፍ ከተወሰነ፣ ሁሉም በተራው ከቆመ፣ እንዲህ ያለው ኬላ ሕገ መንግሥቱን አይጥስም ብለን እንከራከራለን። ፈቃዱ የሚመሰክረው ግን ሰውየው መንዳት መቻሉን ነው። ወረቀቱ ታይቶ ከተመለሰ በኋላ «ከየት መጣህ? ወዴት ትሄዳለህ? ኋላ የተቀመጠውስ ማነው?» የሚለውን ጥያቄ ነጂው እንዲመልስ የሚያስገድድ ቃል በፈቃዱ ላይ አልተጻፈም።