«ወገቡን አታስወጉት» ስለሚለው ምክር
በአርባ ምንጭ ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት የቀረበ ንግግር



ማጅራት ገትር የተጠረጠረበት ሕሙም ሆስፒታል ሲደርስ ሐኪሙ ከወገቡ ፈሳሽ ተወስዶ እንዲመረመር ያዝዛል። ቤተሰቡ ደንግጦ የንስሓ አባቱን ያማክራል። ስለዚህ ጉዳዩን ለሐኪሞች ብቻ ትተን ማለፍ አልቻልንም።

«ወገቡን የተወጋ ሽባ ይሆናል» ይባላል። በአዋቂ ሰው ሕብለ ሰረሰር የሚያበቃው በአንደኛውና በሁለተኛው የወገብ አጥንት አካባቢ ነው፤ መርፌው የሚገባው ግን ከዚያ በታች፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ወይም በአራተኛውና በአምስተኛው መካከል ነው። ምርመራው ከ1891 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲሠራበት ኖሯል። ሕሙሙ ከተወጋ በኋላ ቢሞት መርፌው ይወቀሳል፤ ብዙ ጊዜ ግን የገደለው ሕክምናው የዘገየበት በሽታ ነው።

ጉዳት ፈጽሞ የለውም አንልም፤ ብንል ሕዝቡ ነገ አያምነንም። በብዛት የሚታየው ሲቆሙ የሚብስ፣ ሲተኙ የሚቀል ራስ ምታት ነው። በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ይጀምርና አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ገደማ ይለቃል። ቀጭንና ጫፉ ያልሰላ መርፌ መጠቀም ይቀንሰዋል። ለሰዓታት በጀርባ መተኛት ይከላከለዋል ተብሎ ለረጅም ጊዜ ቢመከርም ጥናቶች አላረጋገጡትም።

ደም መፍሰስ፣ ኢንፌክሽንና የአንጎል ወደ ታች መገፋት እምብዛም አይደርሱም፤ ከደረሱ ግን ከባድ ናቸው። ሐኪሙ እጁን ታጥቦ፣ ንጹሕ ጓንት አድርጎ፣ ቆዳውን በፀረ ተሕዋስያን ያጸዳል። አንጎል ውስጥ ግፊት መጨመሩን ከጠረጠረ ምርመራውን ያዘገያል፤ የማጅራት ገትሩ መድኃኒት ግን እስከዚያ አይጠበቅም። ቤተሰብም የሚያግዘው እውነቱን በመናገር ነው፦ ሕሙሙ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይወስዳል ወይ? በወገቡ ላይ ቁስል አለ ወይ? አንቀጥቅጦት ራሱን ስቶ ነበር ወይ? ይህ የመጨረሻው በኀፍረት ሲደበቅ አይተናል፤ ለሐኪሙ ግን ትልቅ ነገር ነው።

ወደ ጨንቻ የሚመለስ ሰው 37 ኪሎ ሜትር ያህል አቀበት ይጠብቀዋል። ተቀምጦ ሲሄድ ራሱን ቢያመው አይደንግጥ፤ ጋደም ይበል፣ ውኃ ይጠጣ። ትኩሳት ከተመለሰ፣ እግሩ ከዛለ፣ ሽንቱን መቆጣጠር ካቃተው፣ ከተወጋበት ቦታ ፈሳሽ ከወጣ ወይም ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ ሳያድር ወደ ሆስፒታል ይመለስ። ጸበል የሚጠመቅም ቢሆን የታዘዘለትን መድኃኒት አያቋርጥ። ለመመለሻ የመኪና ሒሳብ ለሌለው የሰበካ ጉባኤው ከምግባረ ሠናይ ገንዘቡ ጥቂት ለይቶ ቢያስቀምጥለት እንለምናለን።